የድንቡሼ ልክ

ጥር 9

ለምወድሽ አክስቴ፣ ለእቴቴ፤

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ማሽንሽ ላይ ጎንበስ ብለሽ፣ ክር በጥርስሽ ነክሰሽ እንደምታገኝሽ አልጠራጠርም። ብቻ በጤና፣ በሙሉ ጉልበትና በሙሉ ዓይን ታግኝሽ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሆቴሉ እንደ ወትሮው በእንግዳ ይሞላል፤ እኔም እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሜ አንዱን ሳስገባ አንዱን ስሸኝ እውላለሁ። ስልክ ላይ ድምፄ እየተቆራረጠ ስለሚያናድድሽ በደብዳቤ መጣሁብሽ።

የምጽፍልሽ ለጉዳይ ነው። መጋቢት 20 ቀን ሆቴላችን ከተከፈተ አርባ ዓመት ይሞላዋል። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ፣ ከሥራ አስኪያጁ እስከ አትክልተኛው፣ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ በፊት ለፊቱ በር ገብቶ እንደ እንግዳ ይቀመጣል ተባለ። የዘመኑን ልብስ ያላገኘ አይገባም፤ ሥራውን ይሠራል። ልብስ የሚያከራይ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ጠይቄ ነበር። ሴትዮዋ ስትነግረኝ ሳል የያዘኝ መስዬ ወጣሁ።

ያኔ የእናቴ ፎቶ ትዝ አለኝ። ፎቶ ቤት የወንበር መደገፊያ ይዛ የቆመችበት፤ ጥቁር አረንጓዴው የሱፍ ኮትና ጉርድ፣ ክብ ኮሌታ፣ በራሱ ጨርቅ የተለበጡ አምስት ቁልፎች። ልክ የዚያን ዘመን ልብስ ነው። ከማረፏ በፊት «ልጄ ስታድግ ትልበሰው» ብላ አንቺ ጋ በአደራ ያስቀመጠችው ማለቴ ነው። አድጌያለሁ እንግዲህ። ሌላ ሌላውን እኔ ከዚህም ከዚያም እለቃቅማለሁ፤ አንቺ ልብሱን ብቻ ጎኑን አስፍተሽ ላኪልኝ። ልኬ ይኸው፦ ደረት 104፣ ወገብ 90፣ ዳሌ 112፣ ትከሻ 37፣ የእጅ ርዝመት 58፣ የእጅ አንጓ 14። እንደምታይው ያው ድንቡሼሽ ነኝ።

በፊት ለፊቱ በር የምገባበትን ቀን ከአሁኑ መቁጠር ጀምሬያለሁ።

የእህትሽ ልጅ

—

የካቲት 6

ለድንቡሼ፤

የረገጥሽው ይለስልስልሽ፣ የያዝሽው ይበርክትልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈው። የዘገየሁት ሥራ ተደራርቦብኝ ነው፤ የአንድ ድርጅት ዘበኞች ሱሪ ሠላሳ ስምንት ተቀብዬ፣ ሰባ ስድስት እግር ስቀመቅም ከረምኩ። ዘበኛ ደግሞ ሱሪ የማይጠብበው ወይም የማይሰፋው የለም፤ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል።

ልክሽን መዝገቤ ላይ ልጽፍ እስክርቢቶ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ ደረቱ መቶ አራት ሆኖ አንጓው አሥራ አራት የሆነ ፍጡር አላጋጠመኝም። ደረትሽ የአንዷ፣ አንጓሽ የሌላዋ ነው። የለካሽ ሰው ሜትሩን አጣምሞት ይሆናል። እንደገና ተለኪ፤ ትንፋሽሽን ልቀቂ፣ ሆድሽንም አትንፊ።

ልብሱ ሣጥን ውስጥ ከታች ነው፤ በላዩ ብዙ ነገር ተጭኖበታል። ደግሞስ ያኔ ሰው ሁሉ ኮትና ጉርድ ለባሽ ነበር ያለሽ ማን ነው? ሽንሽን ቀሚስ የለበሰው ይበዛ ነበር። ሽንሽን ርካሽ ጨርቅም አይንቅም። እስኪ እዚያው አንዱን ፈልጊ።

ጎረቤቱ ሁሉ ስለ አንቺ ይጠይቀኛል። «እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ከሰው አገር ሰው ጋር በቋንቋቸው ትነጋገራለች» እላለሁ። ጠረጴዛሽ ጋ ቆመሽ ፎቶ ተነሥተሽ ላኪልኝ፣ ከማሽኔ በላይ እሰቅለዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ብቻ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምታስገባ ቀጭን ሽቦ አለች ይላሉ፤ ካገኘሽ ጣል አድርጊልኝ። ለእኔ አይደለም፣ ለሰው ነው።

አክስትሽ

—

የካቲት 18

ለእቴቴ፤

እጅሽ አይዛል፣ ማሽንሽ አይንጫጫብሽ። ሽቦዋን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌያለሁ፣ እንዳትጥያት። ለዚያ ለማይታወቀው ሰውሽ ስጪልኝ።

እኔ ልብሱን ስጠብቅ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ጫማ አገኘሁ። ልባሽ የሚሸጥ ሰውዬ ክምር ሥር አንዱ እግር ብቻ ታየኝ፤ ሌላውን እግር ለማግኘት እሱና እኔ ክምሩን ግማሽ ቀን ያህል አገላበጥነው። በስተመጨረሻ ራሱ ተቀምጦበት ኖሯል። ተረከዙ አጭርና ወፍራም ነው፣ ያንቺ ዘመን ሰው የሚወደው ዓይነት። ከእግሬ በአንድ ቁጥር ይበልጣል፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ወሸቅሁበት። ቡናማ ነበር፣ በቀለም ደጋግሜ ጥቁር አደረግሁት። የእጅ ቦርሳውን ከካርቶንና ከተጣለ መጋረጃ ሠራሁት፤ ዝናብ ካልነካው ማንም አያውቅበትም። ነጭ ጓንት ደግሞ አስተናጋጆቹ የጣሉትን አነሣሁ። የአንዱ አውራ ጣት ላይ የማይለቅ እድፍ አለ፤ ጣቴን ወደ ውስጥ አጥፌ እይዘዋለሁ። ያንገት ሻርፕ እንግዳ ረስቶ የሄደው ነው፤ ስድስት ወር ባለቤት ስላልመጣለት ሰጡኝ።

ይኸው እግር፣ እጅና አንገት አለኝ። የቀረኝ መሐሉ ነው፤ እሱም አንቺ ሣጥን ውስጥ ነው። ሽንሽን አልፈልግም እቴቴ። የእናቴን ነው የምፈልገው። ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፣ ፎቶውንም አሳይቻቸዋለሁ።

ልኩ ትክክል ነው፣ እንደገና ተለክቻለሁ። አንጓዬን ነው የተሳሳትኩት። የጠረጴዛውን ፎቶ አሁን አልችልም፤ እንግዳ ፊት ፎቶ መነሣት ክልክል ነው።

ድንቡሼሽ

—

መጋቢት 2

ለእህቴ ልጅ፤

ክፉ አይንካሽ። ሽቦዋ ደርሳለች፣ ሰውየው መርቆሻል።

ልብሱን ከሣጥን አወጣሁት። ብል ነካክቶታል፤ እሱን እየጠገንኩ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። የብል ነገር ታውቂያለሽ፤ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍኚ ሌላው ብቅ ይላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። እንግዳ የሚቀበል ሰው የተጣለ መጋረጃ ከየት ያገኛል? የአስተናጋጅ ጓንትስ መጣያ ውስጥ ምን አገባው? ደብዳቤሽን ስከፍተው ደግሞ በረኪና በረኪና ይለኛል። የመጀመሪያውም እንደዚያው ነበር። አፍንጫዬ ነው ብዬ ጎረቤቴን አስሸተትኳት፤ «ንጹሕ ልጅ ናት» አለችኝ።

እየበላሽ ነው?

አክስትሽ

—

መጋቢት 8

ለእቴቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ብል የበላውንም ቢሆን እንዳለ ላኪልኝ፤ ቀዳዳው ላይ ሻርፑን አወርድበታለሁ። ሸጠሽው ከሆነም ንገሪኝ፤ ሰው ይቸገራል፣ ይገባኛል። ብቻ ከእንግዲህ በብል አታመኻኚብኝ።

በረኪናው የሆቴሉ ሽታ ነው። ትልቅ ሆቴል ንጹሕ ነው። እበላለሁ።

የእህትሽ ልጅ

—

መጋቢት 14

ለእህቴ ልጅ፤

ምርቃቱን ወደ መጨረሻው አድርጌዋለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ካልተናገርኩ አፌ አይከፈትም።

ብል የለም። አልሸጥኩትም። የእናትሽን ጉርድ የቆረጥኩት በመቀስ፣ በገዛ እጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ አረንጓዴ ሱፍ በዘመኑ አንድ ነጋዴ ብቻ ያመጣው ጨርቅ ነበር፤ ከእናትሽ ጋር ብዙ ሰው ነው የገዛው። ከነዚያ አንዷ ታችኛው መንገድ የምትኖረው፣ አሁን ጡረታ የወጣችው መምህርት ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት ጉርዷን ወገቡን እንዳሰፋላት አመጣችልኝ። ሥራውን ጨርሼ ስተኩስላት የካውያውን ቁጥር አላየሁትም። የመሰለኝ ሁለት ላይ ነው፤ ለካ መጨረሻው ላይ ኖሯል። ካውያውን ሳነሣው የፊቱ ገጽ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል።

ድንቡሼ፣ ዓይኔ ደክሟል። ከአራት ዓመት ወዲህ ነው። ሽቦዋን የፈለግኋት ለራሴ ነበር። ልብስ ሰፊ ዓይኗ ደከመ ከተባለ ማን ጨርቁን ይሰጣታል?

«አቃጠልኩብሽ» ማለት ነበረብኝ። አላልኳትም። ጨርቁ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ የእናትሽን ጉርድ አወጣሁ፣ የፊቱን ገጽ ቆርጬ ለመምህርቷ ሰፋሁላት። አመስግና ወሰደች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ የስፌቱን ዋጋ ተቀበልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በታችኛው መንገድ አላልፍም፤ ክር ለመግዛት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ነው የምሄደው። አንቺ ስታድጊ ብላ የሰጠችኝን አንቺ አድገሽ ስትጠይቂኝ ደግሞ ሽንሽን ልብሺ አልኩሽ። ደብዳቤዎቼን ሳስባቸው ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ኮቱ ደህና ነው፣ አልነካሁትም። ጉርዱን ከራሴ ጥቁር ካፖርት ሠራሁልሽ፤ የተሻለ ጨርቅ የለኝም። ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ቢወላገድ ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ።

ስለ ልኩ። አርባ ዓመት የለካ እጅ ዓይን ቢደክምም አይታለልም። ሰው ሲዋሽ ደረትና ወገቡን ያስታውሳል፣ ትከሻና አንጓውን ይረሳል። አንጓሽን ተሳሳትኩ ብትዪም አንጓሽ አልተሳሳተም። በትከሻሽና በአንጓሽ ሄጄ ነው የሰፋሁት። ግምቴ ልክ ከሆነ ኮቱ በእናትሽ ልክ እንዳለ ይሆንሻል። ግምቴ ስህተት እንዲሆን ምን ያህል እንደምመኝ ብታውቂ። ብቻ ጉርዱ ላይ በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ትርፍ ወደ ውስጥ አጥፌ ትቻለሁ። ማንም አያየውም። እንደ ቀድሞሽ ስትሆኚ ተርትረሽ ታሰፊዋለሽ።

ምናልባት ቀኑ ያልፍበት ይሆናል። ያሳለፍኩብሽ እኔ ነኝ። ፈጣሪ ካንቺ አይለይ፣ የኔን እፍረት አያውርስሽ።

አክስትሽ

—

መጋቢት 30

ለእቴቴዬ፤

ጤና ይስጥሽ፤ ዓይንሽንም ይመልስልሽ፣ ባይመልሰውም እጅሽን ያቆይልሽ።

ጥቅሉ የደረሰኝ መጋቢት 25 ነው። በዓሉ አምስት ቀን አልፎታል።

አሁን የኔ ተራ ነው። እኔ እንግዳ ተቀባይ አይደለሁም። ለጎረቤቶቻችን የምታወሪላቸው ሰው አይደለሁም። የምሠራው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው፤ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የጠረጴዛ ልብስ። ሦስት ዓመቴ ነው። በረኪናው ከእጄ አልለቅ ብሎኛል፤ ወረቀቱ ላይ እንደሚቀር ግን አላሰብኩም። መጀመሪያ የጻፍኩልሽ ሥራ ሳገኝ ነበር። «ሆቴል ገባሁ» አልኩሽ፣ አንቺ ደስ ብሎሽ «እንግዳ መቀበያ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ እኔም አዎ አልኩ። አንዲት አዎ ናት። ከዚያ በኋላ እሷን መመለስ አቃተኝ።

መክሳቴም እውነት ነው። ማድረቂያው አጠገብ ሙቀቱ የምግብ ፍላጎት አያስቀርም፤ ሲደክመኝ ደግሞ ሳልበላ እተኛለሁ። ድንቡሼ ከሳች ከተባለ ሰፈሩ ምን ይላል ብዬ የድሮውን ልኬን ከዚያው ካንቺ መዝገብ አስታውሼ ጻፍኩልሽ። አንጓዬን ማወፈር ትዝ አላለኝም።

መጋቢት 20 ቀን ምድር ቤት ነበርኩ። ከጓደኞቼ አንዷ የአያቷን ካባ፣ አንዷ ከሽማግሌ ጎረቤቷ የተዋሰችውን ሱሪ ለብሰው ወጡ። «ያንቺስ? የእናትሽስ?» ሲሉኝ «አክስቴ ታማብኝ ነው» አልኩ። አሳመምኩሽ፣ ይቅር በዪኝ። ከላይ እየጨፈሩ ጣራው ሲደልቅ እኔ እነሱ ያፈሰሱበትን የጠረጴዛ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ጫማዬን ግን አድርጌው ነበር። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም።

ስለ ጉርዱ አልተቆጣሁም ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርም። ሁለት ቀን ተቆጥቼብሻለሁ። ጥቅሉን አጣጥፌ አልጋዬ ሥር ወረወርኩት። እናቴ የተወችልኝን የመጨረሻ ነገር ለማታውቀኝ ሴት ሰፍተሽላት እኔን ሽንሽን ልብሺ ማለትሽ አንገበገበኝ። በሦስተኛው ቀን ለካሁት። ኮቱ አምስቱም ቁልፍ ያለ ችግር ተቆለፈ። ጉርዱ ወገቤ ላይ ልክ ቆመ። ጎኑን በእጄ ስዳስሰው ያ ወደ ውስጥ ያጠፍሽው ትርፍ ወፈር ብሎ ተሰማኝ። እሱ ነው ያስለቀሰኝ እንጂ ኮቱ አይደለም።

ከዚያ ያደረግሁትን ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። ከሥራ ስወጣ ሁሉንም ለበስኩ፤ ጓንቱን፣ ሻርፑን፣ የካርቶን ቦርሳውን። በጓሮ ወጥቼ ሕንጻውን ዞርኩና በፊት ለፊቱ በር መጣሁ። ዘበኛው በየቀኑ በጓሮ በር ስገባ «ዛሬም አረፈድሽ አንቺ» የሚለኝ ሰው ነው። ያን ቀን ተራው ፊት ለፊቱ ሆኖ በሩን ከፍቶ «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። አላወቀኝም። ገባሁ። እንግዳ መቀበያው ጋ የቆመችው ልጅ ፈገግ ብላ «ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። ያ ላንቺ ስለሱ የምጽፍልሽ ጠረጴዛ ነው እቴቴ፤ ስጠጋው የመጀመሪያዬ ነበር። «ተሳስቼ ነው» አልኩና እድፋሙን አውራ ጣቴን አጥፌ ወጣሁ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ጥጡ ጫማዬ ውስጥ እየተንሸራተተ፣ ላብ በላብ ሆኜ ሄድኩ።

የጠየቅሽኝን ፎቶ ልኬልሻለሁ። ጓደኛዬ ናት ያነሣችኝ፤ ከኋላዬ የሚታዩት ማጠቢያዎቹ ናቸው፣ በስተቀኝ ያለው ክምር የእኔ የዚያን ቀን አንሶላ ነው። አትስቀዪው፤ ብቻ እዪው። ጀርባው ላይ እውነተኛ ልኬን ጽፌልሻለሁ፦ ደረት 83፣ ወገብ 65፣ ዳሌ 90። ትከሻና አንጓ እንደነበሩ ናቸው።

የእህትሽ ልጅ

—

ሚያዝያ 19

ለድንቡሼዬ፤

አንቺን ያቆየልኝ፣ ፎቶሽን ያደረሰልኝ አምላክ ይመስገን። እንጀራሽን ያስፋልሽ፣ ሰውነትሽን ይመልስልሽ። «እንግዳ መቀበያ ነው?» ብዬ የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ፤ መልሱን በጥያቄው ውስጥ ጨምሬ ነው የሰጠሁሽ። ጎረቤት ፊት ስኮራብሽ አንቺን ከምድር ቤት መውጫ አሳጣሁሽ።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ በሳምንቱ ታችኛው መንገድ ወረድኩ። መምህርቷ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ቁጭ ሳልል፣ ቆሜ ነገርኳት። ካውያውን፣ ጉርዱን፣ የእህቴን አደራ፣ ዓይኔን። እሷም ሰማችኝና ወደ ጓዳ ገብታ ጉርዷን ይዛ መጣች። እንደ ሰጠኋት ተጣጥፏል። አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም።

«ያን ዕለት ቤት እንደደረስኩ መስኮት ጋ ይዤው አወቅሁ» አለችኝ። «የኔ ፀሐይ የበላው ነው፤ ፊቱ ግን አዲስ ነበር። ያንን ጨርቅ ከየት እንዳመጣሽው ስለገባኝ መልበስ አቃተኝ። ልመልስልሽ ደግሞ አንቺን ማሳፈር ሆነብኝ።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ያጣሁሽ ለዚህ ነው?» አልኳት።

«እንዳላገኝሽ በእናንተ በኩል በላይኛው መንገድ መሄድ ትቼ ነዋ» አለች።

እኔ ከሷ ስሸሽ እሷ ከኔ ስትሸሽ ኖረናል። ካቃጠልኩበት ቀን ይልቅ ያን ጊዜ አፈርኩ። ተበዳይዋ ለኔ ስትል አንገቷን ደፍታ ከርማለች። ጉርዱን ውሰጂ አለችኝ። የእናትሽን ጉርድ ገጽ ፈትቼ አስቀምጫለሁ፤ አንድ ቀን መጥተሽ በእጅሽ ትወስጂዋለሽ፣ በፖስታ አልልከውም። የእሷን ጉርድ ፊት በሌላ ጨርቅ ልሠራላት ተስማማን፤ ቁጥሩን የሚያይልኝ ሰው ሳይኖር እንዳልተኩስ አስምላኛለች።

ፎቶሽን ከማሽኔ በላይ ሰቀልኩት። ቁርጥ እናትሽን ነሽ፤ እሷ ወንበር ይዛ፣ አንቺ የአንሶላ ክምር ይዘሽ። ደንበኛ ሁሉ ቀና ብሎ «ይህች ማናት?» ይለኛል። «የእህቴ ልጅ ናት፣ ሆቴል ውስጥ ልብስ ታጥባለች» እላለሁ። የመጀመሪያዋን ደንበኛ ስነግራት ማሽኑን እየነዳሁ ነበር፤ በጩኸቱ እንዳትሰማኝ ብዬ። አልሰማችኝም፣ እንደገና ጠየቀችኝ።

ዛሬ ማሽኑን አቁሜ ነገርኳቸው።

አክስትሽ